ዲጄው ልጃችን ስለ ፍጥነት ያስተማረን



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ዲጄ ሥራ ነው። ከዳምቦያ፣ ያውም ከመጋቢ ቤት፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መውጣቱ አንዳንዶቻችሁን እንደሚያስገርም እናውቃለን፤ እኛንም አስገርሞናል። «እኛ» ስንል የአንድ ልጅ እናትና አባት ማለታችን ነው። የሚጽፈው አባት ነው፤ እናቱ ሳታነበው ያለፈ መስመር ግን የለም። ልጁም እንዲጻፍ ፈቅዷል። «ስሜን ብቻ አትጥሩ» ብሏል።

ልጃችን የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ላይ የተቀመጠው ገና በ12 ዓመቱ ነበር። ማንም አላስተማረውም። ኳየሩ ሲለማመድ ከኋላ ቆሞ እያየ፣ ሰዎቹ ሲወጡ እየነካካ ለመደው። 16 ሲሞላው የእሑድ አምልኮ ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ጉባኤው «ይህ ልጅ ጸጋ አለው» ሲል እኛም ጌታን አመሰገንን፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተኩራርተንበታልም።

ከዚያ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። መጀመሪያ የጓደኞቹ ሰርግ ላይ ሙዚቃ ያጫውት ነበር። ቀጥሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ውስጥ መሥራት ጀመረ፤ ከዚያም የምሽት ክበብ። ይህን ሁሉ ከእሱ አልሰማንም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወንድም ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ አሳየን። ሰማያዊና ቀይ መብራት፣ ጭስ፣ እጃቸውን ያነሡ ወጣቶች፤ ከፊታቸው ሄድፎን ያጠለቀ ልጃችን።

ያን ዕለት ማታ ደወልንለት። ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገርን። ተናገርን እንጂ አልተነጋገርንም። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደራረብንበት። አፉን ሊከፍት ሲል ቀጣዩን ጥቅስ አነሣን። በመጨረሻም ይህን ሥራ እስክትተው ድረስ የዚህን ቤት ደጃፍ እንዳትረግጥ አልነው። እሱም «እሺ አባዬ» አለና ስልኩን ዘጋ።

የከምባታን ምድር የምታውቁ መሳላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በመስከረም፣ ሌላው አገር መስቀል በሚለው በዓል፣ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የሚመጣው መኪና አይበቃም፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው እንኳ ቢያንስ ይደውላል። ልጃችን ሦስት መሳላ ሳይመጣ ቀረ። ቅርጫው ገብቶ፣ ቆጮው ተጋግሮ፣ ሁሉም ማዕዱን ከብቦ ሳለ ጎረቤት «ያ ልጅስ ዘንድሮም አልመጣም?» ሲል «ሥራ በዝቶበት ነው» እያልን እንመልስ ነበር። ውሸት ነበር። ጌታ ይቅር ይበለን።

«እስቲ ለእኛም አሳየን»

በአራተኛው ዓመት መጣ። የመጣውም እናቱ ስለ ጠራችው ነው። ለካ በየሳምንቱ ትደውልለት ኖሯል። «እኛ» አልን እንጂ ሁልጊዜ እኩል ተራምደናል ማለታችን አይደለም፤ ከእኛ አንዷ ቀድማ ሄዳለች፣ አንዱ ዘግይቶ ደርሷል።

በመጣ በሁለተኛው ሌሊት ላፕቶፑንና አንድ ማዞሪያ የበዛበት ሰፊ መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ሄድፎን አጥልቆ ተቀመጠ። ከእሱ ጆሮ በቀር ማንም የሚሰማው ነገር የለም። እኛ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠን ዝም ብለን እናየዋለን። በመጨረሻ እናቱ፣ «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ የምታዳምጠው ምንድን ነው? እስቲ ለእኛም አሳየን» አለችው።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን ጥያቄ ከእኛ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ፊቱ ተለወጠ። ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠን።

የሚያጫውተው ቴክ ሃውስ የሚባለውን ነው። ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በጥቁሮች መካከል የተወለደ ሙዚቃ ነው። ስሙን ያገኘው ዌርሃውስ ከሚባል፣ ፍራንኪ ናክልስ የተባለው ዲጄ ይሠራበት ከነበረ የጭፈራ ቤት ነው ይባላል። በ1990ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ከቴክኖ ጋር ተቀላቅሎ ቴክ ሃውስ ሆነ። «አባዬ፣ በድሮው ሃውስ ውስጥ ያለው ፒያኖና የዘፋኞቹ ድምፅ ብዙው ከጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው» አለን። በአገራችንም ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ካወጣ ወዲህ የአገር ቤት ድምፅና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ብዙ ወጣት እንዳየ ነገረን። እኛ እስከዚያ ሌሊት ድረስ ዲጄ ማለት የሰው ሙዚቃ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ይመስለን ነበር።

«ሥራው መክፈትና መዝጋት አይደለም» አለን። «ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው። ሰው መሻገሩ ሳይታወቀው መሻገር አለበት።»

ለዚህም ሁለት ነገር ይጠበቃል፤ ፍጥነትና ኪይ።

ፍጥነት ማለት ከበሮው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው። ቴክ ሃውስ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 130 ይመታል። አሁን የሚሰማው 124 ቢሆንና ቀጥሎ የሚገባው 128 ቢሆን፣ ሁለቱን ዝም ብሎ መልቀቅ አይቻልም፤ መጀመሪያ ገጥመው ቆይተው ወዲያው ይለያያሉ፣ ከበሮዎቹም ይጋጫሉ። እናቱ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ማለት ነዋ! አንዷ ከቸኮለች ዘነዘናው ይጋጫል» አለች። «በቃ፣ እሱ ነው እማዬ» አላት።

ኪይ ደግሞ ዜማው ቤቱ የሚያደርገው ድምፅ ነው፤ ከእሱ ተነሥቶ ወደ እሱ የሚመለስበት። ኳየር ውስጥ አንዷ እህት አንድ መዝሙር ከፍ አድርጋ ስትጀምረው ሌላው ሁሉ ጉሮሮው የሚታነቀው ኪዩ ስላልተስማማው ነው። ሁለት ሙዚቃ በፍጥነት ገጥመው በኪይ ካልተስማሙ ጆሮ ያማሉ። ልጃችን በላፕቶፑ ላይ እንደ ሰዓት ፊት ያለ ክብ አሳየን። ካሜሎት ይሉታል። ከ1 እስከ 12 ቁጥር አለው፤ በየቁጥሩም ኤ እና ቢ የሚል ፊደል፤ ኤ ለማይነር፣ ቢ ለሜጀር። 8ኤ ላይ ያለ ሙዚቃ ወደ 7ኤ፣ ወደ 9ኤ ወይም ወደ 8ቢ ቢሻገር ይስማማል። ምክንያቱም ጎረቤት ቁጥሮች ከሰባቱ ድምፆቻቸው ስድስቱን ይጋራሉ፤ 8ኤ እና 8ቢ ደግሞ ሰባቱንም። ሩቅ ወዳለ ቁጥር መዝለል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በጎረቤቶቹ በኩል እያለፈ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሄድፎኑን እናቱ ላይ አጠለቀላት፤ በአንድ ጆሮዋ ብቻ። «በዚህኛው ጆሮሽ ቤቱ ውስጥ የሚሰማውን ስሚ። በዚያኛው ገና ያልወጣውን፣ ቀጥሎ የሚገባውን ስሚ። ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ ወደ ሰው አትልቀቂው።» አክሎም ሙዚቃው በ8፣ በ16፣ በ32 ባር እንደሚታጠፍ፣ አንድ ባርም አራት ምት እንደሆነ አስረዳን። በ128 ፍጥነት 16 ባር ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ዲጄው ያችን ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል። መታጠፊያው ሳይደርስ ከገባ በሰው ንግግር መካከል እንደ መግባት ነው። ሲገባም የአንዱን ቤዝ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለት ወፍራም ድምፅ በአንድ ጊዜ ከተናገረ ሁለቱም አይሰሙምና።

ፍጥነት ቃናን ሲለውጥ

ከእነዚህ ሁሉ በላይ እስከ ዛሬ ከልባችን ያልወጣው ቀጥሎ የነገረን ነው።

ድሮ ዲጄዎች በሸክላ ሲሠሩ ሸክላውን ሲያፈጥኑት ከበሮው ብቻ አይፈጥንም፤ ድምፁም ከፍ ይላል። በ120 የተቀዳውን ወደ 127 ብታስሮጠው ኪዩ በግማሽ ቶን ያህል ከፍ ብሎ ይለወጣል። ዘፋኙ ራሱ ነው፣ ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ይመስላል። ሲዘገይም እንደዚሁ፤ ይወፍራል፣ ይጎተታል። የአሁኑ መሣሪያ ማስተር ቴምፖ የሚሉት አዝራር አለው፤ እሱ ሲነካ ፍጥነቱ ይለወጣል፣ ኪዩ ግን ባለበት ይጸናል። «እሱም ቢሆን ልክ አለው፤ ከመጠን በላይ ከጎተትከው ድምፁ ይበላሻል» አለ።

«ስለዚህ ሰው ሲቸኩል ድምፁ ይለወጣል ማለት ነው?» አልነው።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ መሣሪያውን እያየ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን በስልክ ያላችሁኝ ሁሉ ስህተት አልነበረም። አብዛኛው ልክ ነበር። ድምፁ ግን የአንተ አልነበረም። የሌላ ሰው ድምፅ ነበር» አለን።

ወገኖቻችን፣ ከእኛ አንዱ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ዓመታት አሳልፏል። የስብከት አዘገጃጀት ስንማር ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚያሻግር ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ እንታዘዝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ለተቃረበ ጊዜ ለምእመናን መሸጋገሪያ እየጻፍን ኖረናል። ለገዛ ልጃችን ግን መሸጋገሪያ አልነበረንም። በአንድ ጆሮ እንኳ አላዳመጥነውም። መታጠፊያ አልጠበቅንም። የእኛም የእሱም ቁጣ አንድ ላይ ሲያጓራ ማንም ማንንም አልሰማም። በዚያ ላይ ስለ ቸኮልን የምሥራቹን የወንጌል ቃል ሳይቀር ቃናውን ለወጥነው። ስለ አባት ፍቅር የሚናገረው ቃል ከእኛ አፍ ሲወጣ እንደ ፍርድ ቤት ማዘዣ ተሰማ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነውን ለመልቀም አራት ዓመት ፈጀብን።

ያን ሌሊት ይቅርታ ጠየቅነው። ረጅም ንግግር አልነበረም። እሱም አለቀሰ፤ እኛም አለቀስን። እናቱ ቡና አፈላች፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቡና የጠጣነው በዕድሜያችን ያን ቀን ብቻ ነው።

ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ

በማግሥቱ ከሰዓት የኳየሩ ወጣቶች ለልምምድ ግቢያችን መጡ። አሁን ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ገና ጀማሪ ነው። ሁለት የአማርኛ መዝሙሮች ነበሩት። የመጀመሪያው ቀስ ያለ፣ በደቂቃ 70 ያህል የሚመታ፣ ቅኝቱ ትዝታ ማይነር። ሁለተኛው ፈጣን፣ 140 ያህል፣ ቅኝቱ አምባሰል። በሁለቱ መካከል ልጁ ያቆማል፣ ትራንስፖዝ ይጫናል፣ ሪትም ይቀይራል፤ እስከዚያ ጉባኤው ቁጭ ይላል፣ ይሳላል፣ ወንበር ያንቀሳቅሳል። የአምልኮው መንፈስ በየመሐሉ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ አይተን «ጠላት ነው» ብለን ገሥጸናል። ለካ ግማሹ የኪቦርድ ጉዳይ ነበር።

ልጃችን ከልጁ ጎን ቆመ። «ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ እነዚህን አምስት ነጫጭ ቁልፎች ብቻ ያዝ» አለው። «ከላ ተነሥተህ ወደ ላ ስትመለስ ትዝታ ማይነር ነው። እነዚሁኑ ከሚ ተነሥተህ ወደ ሚ ስትመለስ አምባሰል ነው። አምስቱም ድምፅ ያው ነው፤ ቤታቸው ብቻ ነው የተለወጠው። ትራንስፖዝ አያስፈልግህም።» ስለ ፍጥነቱም፣ «70 እጥፍ ሲሆን 140 ነው። በመጀመሪያው መዝሙር መጨረሻ ላይ ከበሮውን እጥፍ አድርገህ በቀስታ አስገባው። ዘማሪው በቀድሞው እርምጃ ሲጨርስ አዲሱ አብሮት እየሄደ ያገኘዋል» አለው።

እሑድ ዕለት ልጁ እንደ ተነገረው አደረገ። ከፊት የተቀመጡት አረጋውያን እናቶች የመጀመሪያው መዝሙር የት እንዳለቀ ሳያውቁ ቆመው ሲያጨበጭቡ አየን። ልጃችን በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የኳየሩ መሪ ከአምልኮ በኋላ ሄዶ «በሚቀጥለው እሑድ አንተ ተቀመጥበት እንጂ» አለው። አንገቱን ነቀነቀ። «አሁን እዚያ ብቀመጥ የምጫወተው በጣቴ ብቻ ነው። ልቤ ሲመጣ እመጣለሁ» አለ።

ይህ መልስ አሳዘነን። ግን ሐሰት አልነበረበትም፤ ስለዚህ አከበርነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ የምሽት ክበቡን ሥራ አጸደቃችሁት ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። አላጸደቅነውም። መጠጥ የሚፈስበት፣ ብዙ ወጣት ራሱን የሚጥልበት ቦታ እንደሆነ ዛሬም እናምናለን፤ ልጃችን ራሱም በዓይኑ ያየውን ነግሮናል፣ የነገረንም ከጠረጠርነው ይብሳል። ልብን የሚጎዳውን «ደህና ነው» ማለት ፍቅር አይደለም። ኪያችንን አልለወጥንም። የለወጥነው ፍጥነታችንን ነው።

አንድ ነገር ግን አስታወስን። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ፣ ልጆች ሳለን፣ መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ጊታር ይዘን ወደ መድረክ ስንወጣ አረጋውያኑ «ይህ የጭፈራ ቤት ዕቃ ነው፤ ከመሠዊያው ፊት አውጡት» አሉን። አንድ አባት ግን ከእነሱ ተለይተው፣ ለወራት ልምምዳችን ላይ ከኋላ እየተቀመጡ አዳመጡን። ምንም አልተናገሩም። አንድ ቀን ሲነሡ፣ «ቃሉ ይሰማል፤ ጊታሩ ቃሉን እንዳይሸፍነው ብቻ ተጠንቀቁ» አሉን። እስከ ዛሬ የምንታዘዘው ከጮኹብን ሁሉ የእኚህን አባት ምክር ነው። መጀመሪያ ስላዳመጡን።

አንድ ፍቅር፣ ሁለት እርምጃ

ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 14 ቁጥር 7 ላይ ስለ ዋሽንትና ስለ በገና ይናገራል፤ ድምፃቸው ተለይቶ ካልተሰማ ምን እየተጫወቱ እንደሆነ ሰሚው በምን ያውቃል ይላል። ጉዳዩ በዚያ ስፍራ ስለ ልሳን ነው። ለእኛ ግን ያ ስልክ ትዝ ይለናል። ብዙ ድምፅ አሰማን፤ የተሰማ ነገር አልነበረም።

ዘፍጥረት 33ን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር ታርቆ ሳለ ዔሳው አብረን እንሂድ ይለዋል። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ደካሞች እንደሆኑ፣ መንጋውም የሚያጠባ እንደሆነ ተናግሮ፣ አንድ ቀን እንኳ በችኮላ ቢነዱ መንጋው እንደሚያልቅ ይነግረዋል። አንተ ቅደም፣ እኔ ልጆቹና ከብቶቹ በሚችሉት መጠን ቀስ ብዬ እከተላለሁ ይለዋል። ያዕቆብ በዚያ ንግግሩ የተለየው ከዔሳው ፍጥነት ነው። በስብከታችን ይህን ክፍል የምናነሣው ስለ እርቅ ለመናገር ነበር። ስለ ፍጥነትም እንደሚናገር ያሳየን ዲጄው ልጃችን ነው።

ሉቃስ 15ንም እንደ አዲስ አነበብነው። ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ ቁጥር 25 ላይ የሰማው ምንድን ነው? ከአባቱ ቤት የሚወጣ የሙዚቃና የጭፈራ ድምፅ። በዚያ ቤት ድግስ ነበር፤ ልጁ ግን በቁጣ በር ላይ ቆመ። እኛ ዘመናችንን ሁሉ ስንሰብክ የጠፋው ታናሹ ልጅ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለነው እኛ እንደሆንን አድርገን ነበር። አሁን ስናየው በር ላይ የቆምነው እኛ ነበርን።

አባትየውን ተመልከቱት። ታናሹ ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ ሄደ። ለታላቁ ደግሞ ከድግሱ መካከል ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ቆሞም ለመነው። ለአንዱ ሮጠ፣ ከሌላው ጋር ቆመ። ለሁለት ልጆች ሁለት እርምጃ፤ ፍቅሩ ግን ያው ነው፣ ግማሽ ቶን እንኳ አልተዛነፈም። እኛ ስንሮጥ እንቆጣለን፤ ስንዘገይ እንቀዘቅዛለን። እርሱ ሲሮጥም ሲቆምም አባት ነው።

ይህ ጽሑፍ «ከዚያም ልጁ ሥራውን ትቶ ተመለሰ» ብሎ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። አላለቀም። አሁንም አዲስ አበባ ነው፤ አሁንም አርብና ቅዳሜ ይሠራል። ግን በየሳምንቱ አርብ ማታ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት እንደውልለታለን። ቀድመን ስለ እሱ እንጠይቃለን፣ እናዳምጣለን፤ ንግግሩ ሲታጠፍ የእኛን እንነግረዋለን። የሚያሳስበንን አንደብቀውም። እሱም የሚያሳስበውን አይደብቀንም። ባለፈው ወር አንድ አርብ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ አንድ ጓደኛዬ በመጠጥ ብዛት ሆስፒታል ገብቷል። ጸልዩለት» አለን። ከቤት ከወጣ ወዲህ ጸልዩ ብሎን አያውቅም ነበር። እዚያው በስልኩ ጸለይን። አጭር ጸሎት ነበር። ስንጨርስ እሱም «አሜን» አለ።

ልጁ የራቀበት ወላጅ ይህን ታነብ ከሆነ፣ ስልኩን ከማንሣትህ በፊት አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ፤ ልጄ አሁን በስንት እየሄደ እንደሆነ አውቃለሁን? ምን እንደሚሠራ አሳየኝ ብዬው አውቃለሁን? እውነትን ለመናገር ፈጥኖ መናገር ግድ አይደለም። አንቺም ከቤት የራቅሽ፣ አንተም ደጁን መርገጥ የከበደህ፣ የተናገሩህ ሰዎች ቃል ልክ ሆኖ ድምፃቸው ግን የሌላ ሰው መስሎ ተሰምቶህ ይሆናል። ስለዚያ እኛ በእነሱ ፈንታ ይቅርታ እንጠይቃለን። የአባትን ድምፅ ግን በእኛ ድምፅ አትመዝነው። ኢየሱስ ድምፁ ሳይለወጥ በአንተ እርምጃ አጠገብህ መሄድ ያውቅበታል።

አሁን አሁን አርብ ማታ ስንደውል እናቱ ቀድማ የምትጠይቀው፣ «ዛሬ በስንት ትጀምራለህ?» ብላ ነው።

«በ122፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እኛም በዚያው እንሂድ» ትለዋለች።